የማዶው ዋርካ

የሰማችሁ እንዳልሰማ ሰው ሁናችሁ ተቀመጡ፤ ያልሰማችሁ ጠጋ በሉ። ድምፄን ከፍ አላደርግም፤ ነገሩም ከፍ ባለ ድምፅ የሚነገር አይደለም።

አንድ ትልቅ ወንዝ ነበረ። ከወንዙ በስተ ምዕራብ ያለችው አገር ወዲህ ትባላለች፤ በስተ ምሥራቅ ያለችው ማዶ። የማዶ ሰዎች አገራቸውን ምን ብለው እንደሚጠሯት ከወዲህ ሰው የጠየቀ የለም።

ወዲህ የቆየች አገር ናት። ድልድይዋ ድንጋይ፣ ደረጃዋ ድንጋይ፣ የሽማግሌዎቿ ወንበር ሳይቀር ድንጋይ ነው። ንጉሥ የላትም። ብዙ ታላላቅ ቤቶች አሏት፤ የየቤቱ ሽማግሌ በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ ይመክራል። አንድ ነገር የሚጸናው ሁሉም ሽማግሌዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነው። አንዱ ዘግይቶ ከነቀነቀ፣ ወይም አንገቱን ታሞ ከቀረ፣ ነገሩ ለሚመጣው መኸር ይተላለፋል። በአንድ ዓመት የአገሩ ጎተራ ተቃጠለ። ውኃ ይፈስስበት ወይስ አይፈስስበት ብለው ሲመክሩ አንዱን ሽማግሌ አስነጠሰው። ማስነጠስ እንደ መነቅነቅ ይቆጠራል ወይ የሚለውን የሚያጠና ሸንጎ ተሰየመ። ሸንጎው ጥናቱን ሲጨርስ ጎተራው በነበረበት ቦታ ላይ ሣር በቅሎ፣ ሣሩንም በግ ግጦት ነበር።

በወዲህ ቅናት ነውር አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ሰውና ሰው ሲገናኝ "እንደምን አደርክ?" ይባባላል፤ ቀጥሎም "ማዶስ እንዴት አደረች?" ይላል። ማዶ በደኅና ካደረች መልሱ "ምን ይደረግ" ነው። ማዶ ላይ በረዶ ከወረደ ግን "ተመስገን" ይባላል፤ የዚያን ዕለትም ሰዉ ምሳውን ደስ ብሎት ይበላል። ማታ ማታ የመብራት ተመልካች የሚባለው ሹም ወንዙ ዳር ይቆምና የማዶን መስኮቶች ይመለከታል። የበራው ከትናንት የበለጠ እንደሆነ ነጋሪት አንድ ጊዜ ይመታል። ያኔ የየቤቱ አባወራ ተነሥቶ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ "ለማዶ የሰጠኸውን ለኛ አድርገው፤ ለኛ የነፈግኸውን ለማዶም ንፈገው" ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ራት የሚቀርበው።

በዚች አገር ትብለጥ የምትባል መስታወት ሠሪ ነበረች። መስታወት አቅልጣ፣ ሞርዳ፣ ወልውላ፣ ሩቁን ቅርብ የሚያደርግ ታደርገዋለች። ወዲሆች እንዲህ ያለውን መስታወት ዓይን ይሉታል። በእቶኗ ውስጥ የሚነደውን እሳት የለኮሰችው ቅድመ አያቷ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ጠፍቶ አያውቅም። ታናሽ እህቷ ሻሽቱ ወናፍ ትነፋላታለች። ሻሽቱ ክንዷ ብርቱ፣ ምላሷ ከክንዷ የበረታ ሴት ነበረች።

የእሳትም ሕግ ነበር። በየዓመቱ በዓይን መትከያ ቀን እያንዳንዱ ባለ እሳት የሠራውን ዓይን ግንቡ ላይ አውጥቶ ለሽማግሌዎቹ ያሳያል። ዓይኑ ያላማራቸው እንደሆነ ባለ እንስራው ይላካል። ባለ እንስራው እሳቱ ላይ ውኃ ያፈስሳል፤ የቤቱም ስም ከበሩ ላይ ይፋቃል። ድሮ በመስታወት ሠሪዎች መንገድ እሳት ያልነበረው ቤት አልነበረም። በዚህ ታሪክ ዘመን ግን የቀረው የትብለጥ እሳት ብቻ ነበር።

የቀሩት እንዴት ጠፉ? መሞረድ ከባድ ሥራ ነው፤ እጅ ይልጣል፣ ወገብ ያጎብጣል። ወዲሆች "ሻካራውን የማዶ ልጆች ይሥሩልን፤ የኛ ልጆች ተቀምጠው ያስቡ" አሉ። የማዶ ልጆች በታንኳ ተሻግረው መጡ። ሞረዱ፤ ሲሞርዱም አዩ፤ አይተውም ተሻግረው ሄዱ። የወዲህ ልጆች እስካሁን ተቀምጠው ያስባሉ።

ከነዚያ አንዱ ዳምጤ ነበር። በትብለጥ ቤት አደገ ማለት ይቻላል፤ ከአንድ ትሪ በልቷል፣ ሻሽቱ "አንተ የማዶ ልጅ" እያለች ተርባዋለች። ሲሄድ ትብለጥ አሮጌውን የመሞረጃ ሳህኗን ሰጠችው። እሱም ማዶ ዳር፣ ከትልቁ ዋርካ አጠገብ ትንሽ ጎጆ ሠራ። ጎጆዋ መስኮት አወጣች። መስኮቷ ሌላ መስኮት ወለደች። ውሎ አድሮ የወዲህ ሹማምንት ሁሉ አፍንጫ ላይ የተቀመጠው መነጽር ዳምጤ የሠራው ሆነ፤ እነሱም ምልክቱን በሞረድ ፍቀው "ያገሬ ነው" ይሉ ነበር።

አሁን ስለ ዋርካው ልንገራችሁ። አንድ ዓይን አለቀ የሚባለው ጎህ ሲቀድ ነው። ሠሪዋ በምሥራቁ መስኮት ቆማ ዓይኑን ወደ ማዶው ዋርካ ታዞራለች። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ከተለዩ፣ የቅጠሉም ደም ሥር ከታየ፣ ዓይኑ አልቋል። ካልታየ ወደ ሙረዳው ይመለሳል። ከቅድመ አያቶች ጀምሮ የወዲህ ጥበብ ሁሉ መለኪያው የማዶ ዛፍ ነበር። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚናገረው ግን የለም።

አንድ ጠዋት ትብለጥ አዲስ ዓይን ይዛ ዋርካውን ስትመለከት እጇ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ዓይኑ ከዛፉ አልፎ በዳምጤ መስኮት ገባ። ከመስኮቱ ስትመለስ ሻሽቱ ወናፉን ይዛ ቆማ ነበር።

"ምን አየሽ?" አለች ሻሽቱ።

"ዋርካውን።"

"ዋርካ አይቶ ፊቱ የሚጠቁር ሰው አላውቅም።"

"ከኔ ይበልጣል።"

"ዋርካው?"

"ዓይኑ! ዳምጤ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ዓይን። ጉልላት ያክላል። ዙሪያውን ተማሪዎቹ ቆመው ይስቃሉ። ምን እንዲህ ያስቃቸዋል?"

"ቁርሳቸውን በልተው ይሆናላ። ደግሞስ ያስተማርሽው አንቺ አይደለሽም? ደስ አይልሽም?"

"ልጅ ሲያድግ ደስ ይላል። ጫማሽን አድርጎ ሲሄድ ግን . . ."

"ጫማሽን አልወሰደም፤ የራሱን ሰፋ እንጂ።"

 ትብለጥ ነጠላዋን አጣፍታ በቀጥታ ወደ ሽማግሌዎቹ አዳራሽ ሄደች።

"ያዩናል" አለች። "መስኮታችን ወደነሱ ነው፤ መስኮታቸው ወደኛ። ጎህ ሲቀድ የምሠራውን ሁሉ ከዋርካው ሥር ሆነው ያያሉ። ጥበባችን እንደ ወተት እየተንጠባጠበ ወንዙን ይሻገራል። ይጋረድልን።"

አንድ ሽማግሌ "የሩቁ ዘመዳችንም እንዲህ ብሎናል" አለ። የሩቁ ዘመድ የተባለው የወዲህን በር የሚጠብቁት ውሾች ባለቤት ነው። ወዲህ ውሻ ማርባት ትታ ብዙ ዘመኗ ነው፤ ከሩቁ ዘመድ ተውሳ ትጠበቃለች። "'ከማዶ ጋር አብዝታችሁ አትጫወቱ፤ ውሾቼን እሰበስባለሁ' ብሏል።"

ያን ጊዜ በአገሩ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነቀነቁ። የደነደነ አንገት ያላቸው እንኳ ነቀነቁ። ቅናት አንገት ታለሰልሳለች።

ወርቅአገኘሁ የሚባል ሰው የመጋረጃ አዛዥ ተብሎ ተሾመ። መጀመሪያ የገጠመው ችግር ጨርቅ ነበር። ወንዙን ዳር እስከ ዳር የሚጋርድ ጨርቅ የሚሸምን ሸማኔ በወዲህ አልቀረም። ስለዚህ መጋረጃው ከማዶ ታዘዘ። ማዶዎች "ርዝመቱ ስንት ይሁን? ቀለሙስ?" ብለው ብቻ ጠየቁ፤ ጠርዙን ጥሩ አድርገው ዘምዝመው በቀጠሮው ቀን አመጡት። ሲሰቀልም መሰላል ያዙ።

ከዚያ አዛዡ ሕግ አወጣ። "ማዶን በባዶ ዓይን ማየት መመኘት ነው፤ በግንቡ ዓይን ማየት ጥበቃ ነው" አለ። በግንቡ ላይ የሚተከል፣ ከዳምጤ ዓይን የሚበልጥ ታላቅ ዓይን ትብለጥ እንድትሠራ ታዘዘች። ግንቡ ከመጋረጃው በላይ ይወጣልና ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ ዓይኑ በሻሽ ይታሰራል፤ የሚፈታለት ከመስታወቱ ፊት ሲደርስ ነው፤ ያኔም ከመስታወቱ ውጭ ወደ ማዶ ማየት ክልክል ነው። ታላቁ ዓይን ያላማረ እንደሆነ ባለ እንስራው ምን እንደሚያደርግ ማንም መናገር አላስፈለገውም። ትብለጥም "እሠራዋለሁ" አለች። ፊቷ በርቶ ነበር።

በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ዳምጤ ለአስተማሪው ቀይ ዱቄት ያመጣ ነበር። ቀይ ዱቄት ማለት የተሞረደ መስታወት የመጨረሻ መወልወያ ነው፤ የሚገኘው ከማዶ ኮረብታ ብቻ ነው። የዚያ ዓመትም ታንኳውን ቀዝፎ መጣና ከመጋረጃው በስተጀርባ ቆመ። እህትማማቾቹ ከወዲህ በኩል ውኃ ሊቀዱ ወርደው ነበር፤ ትብለጥም ሳለች።

"እትዬ ትብለጥ፣ እርስዎ ነዎት?" አለ። "ባይታዩኝም ሳልዎን አውቀዋለሁ።"

"ነኝ።"

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጨርቅ? ሠርግ አለ እንዴ?"

"አዎ፣ ሠርግ ነው። አንተ አልተጠራህም።"

"ካልጠራችሁኝ ድንኳኑን ለምን ከኛ ገዛችሁት?"

ሻሽቱ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ትብለጥ ገላመጠቻት።

"የኛም ሽማግሌዎች ተቀይመዋል" አለ ዳምጤ። "'ፊቱን ለሚሸፍንብን ሰው ዱቄት አይሻገርም' ብለዋል። ይቺን ከራሴ ቀንሼ ነው ያመጣሁልዎ። በሥር በኩል ላቀብልዎ?"

"መልሰህ ውሰዳት። በተማሪዬ ትራፊ አልወለውልም።"

"ደግ፤ ዱቄቱ ይቅር። ዋርካውንስ? ያለ ዋርካ ዓይን እንደማያልቅ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ጎህ ሲቀድ መጋረጃውን በጣት ፈቀቅ ያድርጉት። እኔ ከቅርንጫፉ ላይ ነጭ ነጠላ አስርልዎታለሁ፤ ሳይደክሙ ያገኙታል። ማንም አያይም።"

 የትብለጥ እጅ ወደ ጨርቁ ጠርዝ ሄዶ ነበር። እንዲያው ግን ጠየቀች፦

"ያ ያንተ ዓይን . . . ቅጠሉን ይለያል?"

"ይለያል።"

"ደም ሥሩንስ?"

"እሱንም። አንዳንድ ቀን ቅጠሉ ላይ የምትሄደውን ጉንዳን እግሯን ሳይቀር ያሳያል።"

እዚህ ላይ ዳምጤ ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ሌላ በሆነ ነበር። ግን በትብለጥ ቤት ያደገ ልጅ ስለ መስታወት መዋሸት አያውቅበትም። የትብለጥ እጅ ከጨርቁ ላይ ወረደ።

"ሂድ" አለችው። "ዋርካህንም ነጠላህንም ይዘህ ሂድ።"

የመቅዘፊያው ድምፅ እየራቀ ሄደ። ሻሽቱ እንስራዋን አንሥታ "እሳታችንን ነው አሁን የሸኘሽው" አለች።

"አፍሽን ዝጊ።"

"እኔስ እዘጋለሁ። ባለ እንስራውን ማን ይዘጋዋል?"

ትብለጥ ታላቁን ዓይን በከሰል አመድ ወለወለችው። ቀን ከቀን ወለወለችው፤ ክንዷ እስኪዝል ወለወለችው። በመጋረጃው ምክንያት ጎህ ወደ ቤቷ የሚገባው ደብዝዞ፣ እንደ ሰንበሌጥ ቀለም ሆኖ ነበር። በዚያ ብርሃን ዓይኑ የሚያምር ይመስላል። ዋርካውን ማየት ክልክል ስለሆነም መርማሪዎች መጡ። አንዱ መርማሪ በጣቱ አንኳኳው። ሁለተኛው አሸተተው። ሦስተኛው በምላሱ ላሰውና "ጨው የለበትም" አለ። ከዚያ ሦስቱም "ያማረ ነው" ብለው ማኅተም አሳረፉበት።

የዓይን መትከያ ቀን ደረሰ። አገሩ ሁሉ ከግንቡ ሥር ተሰበሰበ። ከበሮው ይመታል፤ ሕፃናት በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ናቸው። ባለ እንስራው ውኃውን ሞልቶ ከትብለጥ በር ላይ ቆሟል፤ ከግንቡ ቁልቁል ይታያል። ሻሽቱ በሩን ይዛ ከፊቱ ቆማለች። ታላቁ ዓይን በገመድ ተጎትቶ ወጣ፤ ትብለጥም አብራው ወጣች፤ ዓይኗ እንደ ሌሎቹ ታስሯል።

መጀመሪያ ያየው የመጋረጃ አዛዡ ወርቅአገኘሁ ነበር። ሻሹ ተፈታለት። ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና አለ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ደግሞ አየ።

"ምንም አይታይም" አለ።

ከበሮው ቆመ።  ባለ እንስራው የግንቡን ዝምታ ሰምቶ እንስራውን ወደ ትከሻው አነሣ።

"እንዴት ምንም አይታይም?" አለ የመብራት ተመልካቹ። አለቃ ቢሻው ይባላል፤ ዕድሜ ልኩን የማዶን መስኮት ሲመለከት የኖረ ሽማግሌ ነው። "እስቲ ልየው።" ሻሹ ተፈታለትና አየ። መስኮት የለም። ዋርካ የለም። ግራጫ ነገር ብቻ ከዳር እስከ ዳር ተንጣሏል። ወደ ሕዝቡ ዞረ።

"ጢስ ነው!" ብሎ ጮኸ። "ሰዎች፣ ጢስ ነው! ማዶ ነዳለች!"

"ምን አልክ?"

"ነዳለች ነው የምልህ! አንድ መስኮት አልቀረላትም!"

ከሥር እልልታው ቀለጠ። የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቀፉ። አንዲት አሮጊት "ይቺን ቀን ሳላይ እንዳልሞት ስለምን ነበር" ብላ መሬት ሳመች። አዛዡ ግን ጠርጣራ ሰው ነው። ወደ ትብለጥ ዞረ።

"ወይዘሮ ትብለጥ፣ ሠሪዋ አንቺ ነሽ። ጢስ ነው ወይስ መስታወቱ ነው?"

ሻሿ ተፈታላት። ጎንበስ ብላ አየች። አመድ የወለወለው መስታወት እንደ ታመመ ዓይን ፈዞ ነበር። ከአንድ ቦታ ጭረት ይጀምርና በጭረቱ ላይ ሌላ ጭረት፣ በዚያም ላይ ሌላ ይደራረባል። ከአገሩ ሁሉ ይህን ለይታ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ቁልቁል አየች። ባለ እንስራው እንስራውን አዘንብሎ ይጠብቃል። ሻሽቱ በሁለት እጇ በሩን ይዛ ወደ ላይ ታያለች። ከእህቷ ጀርባ የእቶኑ ቀይ ብርሃን ይታይ ነበር።

"ጢስ ነው" አለች ትብለጥ።

ከበሮው ተመታ። ባለ እንስራው ውኃውን መንገድ ላይ ደፋው፤ ልጆች ረገጡት፣ ተረጫጩበት። ሽማግሌዎቹ በአንድ ጊዜ ነቀነቁ፤ ይህ ሁለተኛው መሆኑ ነው። የትብለጥም እሳት ለዘላለም እንዳይጠፋ ተደነገገ።

ከዚያ በኋላ በወዲህ ኑሮ አማረ። በሰላምታ ጊዜ "ማዶስ እንዴት አደረች?" ሲባል "ስትነድ" ይባላል፤ ቀጥሎ "ተመስገን"። ነጋሪት አይመታም፤ ራት በጊዜው ይቀርባል። ገበያው ግን እንደ ድሮው በማዶ ዕቃ ሞልቶ ነበር። አንድ ሕፃን እናቱን "ማዶ ከነደደች ይሄ አዲስ ፋኖስ ከየት መጣ?" ብሎ ጠየቃት። እናቱ ባለ ሱቁን አየችው። ባለ ሱቁ "ሳትነድ በፊት የተሠራ ነው" አለ። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ አለ።

ትብለጥ በየጊዜው ወደ ግንቡ እየተጠራች ታላቁን ዓይን እንድታጸዳ ትታዘዛለች። ዓይኗን አስራ ትወጣለች። ጨርቅ ይዛ ዳር ዳሩን ትጠርጋለች፤ መካከሉን አትነካውም። መካከሉ ተወልውሎ ቢጠራ ማዶ ትታያለች፤ ማዶ ከታየች ደግሞ እንስራው ይነሣል።

የማዶ ሰዎችም የከበሮውንና የእልልታውን ድምፅ ሰሙ ይባላል። ምን አግኝተው ነው እንዲህ የሚደሰቱት ብለው ተጨነቁ። ከሽማግሌዎቻቸው አንዱ "ከኛ የደበቁት ነገር አለ፤ እኛም እንጋረድ" አለ አሉ። ያንን እንኳ በዓይኔ አላየሁም።

ሻሽቱ ግን አንድ ነገር አይታለች። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ውኃ ልትቀዳ ወረደችና መጋረጃውን በጣት ፈቀቅ አደረገችው። ወንዙ ጥርት ብሎ ይፈስሳል። የዳምጤ መስኮቶች ሁሉ ነበሩ፤ ጨምረውም ነበር። ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ነጭ ነጠላ ታስሮ ነፋስ ያወዛውዘዋል። በፀሐይና በዝናብ ብዛት ጠርዙ ተበልቷል፤ ቋጠሮው ግን አዲስ ነበር።

ወደ ቤት ስትገባ ትብለጥ ከእቶኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ማዶስ እንዴት አደረች?" አለች ትብለጥ። ጥያቄው የአገሩ ሰላምታ ነው፤ እሷ ግን ከሰላምታ የበለጠ ቀና ብላ መልሱን ጠበቀች።

ሻሽቱ እንስራዋን አወረደች። ወደ እሳቱ አየች፣ ወደ እህቷም አየች።

"ስትነድ" አለች።

"ተመስገን" አለች ትብለጥ፤ አንድ እንጨትም ጨመረች።

እሳቱ ዛሬም አልጠፋም። መስታወት ከቀለጠበት ግን ብዙ ዘመኑ ነው፤ ሁለቱ እህትማማቾች እጃቸውን ይሞቁበታል።

ነገሬን እዚህ ላይ አኖራለሁ። የሚያነሣው ቢኖር በቀስታ ያንሣው፤ መስታወት ነው።